አስር ሰከንድ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ ሰባት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት፣
ትርንጎ ተኝታ፣ ልጁም ተሸፋፍኖ፣
እኔ ካልጋው ጫፍ ላይ፣ ስልኬ መብራት ሆኖ፣
ማቀዝቀዣ ቀርቧል፣ ጨረታው በሳንቲም።
ሳንቲም ነው ያልኳችሁ፣ ብር እንኳን አይደለም።

ትርንጎ ወተቷን ከደረጃው ሥር
ስትሸጥ ይበላሻል፣ ቀትር ሳይሻገር።
«ማቀዝቀዣ ቢኖር…» አለች ቀን፣ እንዲሁ፣
እንደሚያዛጋ ሰው።
እኔ ግን ሰማሁ።

አንዴ በነካህ ቁጥር ሁለት ብር ይሄዳል፣
የዕቃው ዋጋ ግን ባንድ ሳንቲም ያድጋል፤
ሰዓቱም ይነሣል፣ አስር ሰከንድ ደግሞ፤
አስሩ ሲያልቅ የማን ስም ከተገኘ ቆሞ
እሱ ይወስደዋል።
ሌላው?
ሌላው የነካበትን ከፍሎ ያድራል።

ብልሃት አለኝ እኔ፣ ሞኝ አይደለሁም፤
ሦስት ሌሊት አየሁ እንጂ አልነካሁም።
በልጁ ደብተር ጀርባ ጻፍኩ፦ ማን ይቆጣል፣
ማን ደሞዝ ሲወጣ ብቻ ብቅ ይላል፣
ማን አንዴ ነካክቶ ፈርቶ ይሸሻል።
አራተኛው ሌሊት፣ አገር ሲያንቀላፋ፣
ጅቡ ከቂሊንጦ ሲጮህ በይፋ፣
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ።
ሦስት መቶ ስድስት ብር።
የሽቦ ሠራተኛ ጣት መታገሥ ያውቃል፣
አንድ ሰከንድ ሲቀር፣ ያኔ ነው ይነካል።

አራት… ሦስት… ሁለት… አንድ።
ነካሁ። ስሜ ወጣ።
ወዲያው፦ «ንስር 77»።
ነካሁ። ንስር።
ነካሁ። ንስር።

«የቆጡን አወርድ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤
ብብቴን ማየቱን ያን ሌሊት ረሳሁ።
ሁለት መቶ ብር ሄደ፣ አራት መቶ ሄደ፣
የልጁ ጫማ ሄደ፣ እልሄ ነደደ።
ይህን ያህል ከፍዬ እንዴት ልተወው?
ደግሞስ ይሄ ንስር ማሽን ነው ወይስ ሰው?
ወይስ ባለሱቁ ራሱ ነው፣
ላባ ለብሶ የሚያጫውተው?

ኔትዎርኩ ሲንቀራፈፍ በረንዳ ላይ ወጣሁ፣
ክንዴን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ነካሁ።
ከታች፣ ከዘበኛው ቆርቆሮ ቤት፣
ቲንግ አለ።
ደግሜ ነካሁ።
ቲንግ።

ጋሽ ሁንዴ።
ካፖርቱን ደርቦ፣ ፊቱ በስልኩ ሰማያዊ ሆኖ፣
አውራ ጣቱን ምራቅ ያስነካል፣
ብር እንደሚቆጥር ሰው።
ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል?
ሊሸጠው ነው፤ በዋጋው ጊደር ሊገዛ።
ይህ ብሎክ የቆመው እሱ ጤፍ ባጨደበት ላይ ነው፤
ጊደር የሚያስርበት ግን አልነገረኝም።

ቀና ሲል አየኝ።
ሁለታችንም አልነካንም።
ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት… ኧረ ያልቃል ባካችሁ፣
ስሙ የእሱ ነበር፣ ሊያገኘው ነው አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፤
አንድ ሲቀር፣
«ማር እሸት» የሚባል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልነበረ፣
እንቅልፉን ጠግቦ መጣና
ነካ።
እኔም ጋሽ ሁንዴም ቀሪ ሒሳባችን ዜሮ።

ወረድኩ። በከሰል ቆርቆሮው ላይ አባዛን፦
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብር፣ በሳንቲም ሲቆጠር
ሠላሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ንክኪ፤
በሁለት ብር፣ ስልሳ ሁለት ሺህ አራት መቶ።
መርካቶ ያ ዕቃ ከአርባ ሺህ አያልፍም።
«ታዲያ ማን ሰረቀን?» አለኝ።
ሌባ ቢሆን ኡኡ ባልን፣ ሰፈር በተነሣ፤
ሚዛን ቢያጎድል ኖሮ ባልን «ይፈተሻ!»
ሕጉ ተጽፏል፣ አማርኛ ነው፣
«ተስማምቻለሁ» የሚለውን የነካሁት እኔ ነኝ።
ጋሽ ሁንዴ ሳቀ።
«እኔም ያኔ ፈርሜያለሁ» አለ፣ ብሎኩን ሽቅብ እያየ።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ፣ እሺ፤
ወደ ማን ቤት እንደሄደ ግን ተረቱ አይናገርም።

ጠዋት ትርንጎ የተበላሸውን ወተት አይብ ልታወጣው ጣደችው።
«ዐይንህ ምን ሆነ?»
«ኔትዎርክ» አልኳት።
ሳትሰማኝ ሳትቀር፣ ዝም አለች።

ስልኬ መልእክት አመጣ፦
«ውድ ደንበኛችን፣ አስር ነፃ ንክኪ ተበርክቶልዎታል።»
አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።
ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስቀጥል
አውራ ጣቴ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ነበር።
ማታ፣ በረንዳው ላይ ልብስ ሳነሣ፣
ከታች፣ ከቆርቆሮው ቤት፣
ቲንግ።